10 ጊጋ ወደብ፣ አንድ የተቃጠለ ኮር፦ ዲፒዲኬ ልጀምር ወይስ ሌላ መላ አለ?

ሰማያዊ_ገመድ | ሰኞ ማታ 5:40

ሰላም ጓዶች። ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም፣ እስቲ እርዱኝ።

የምሠራበት ቦታ ስሙ ይቅር። የደንበኞችን ትራፊክ ከስዊቹ ላይ በሚረር ወደብ እየቀዳን ወደ አንድ ሰርቨር እናስገባለን። እዚያ ላይ ሱሪካታ አለ፣ ጥቃት ካለ ይጮሃል። ሰርቨሩ ያገለገለ ነው፣ ከዱባይ የመጣ። ባለ ሁለት ሶኬት፣ በያንዳንዱ 10 ኮር። ካርዱ ኢንቴል ኤክስ520፣ ሁለት የ10 ጊጋ ወደብ አለው። ኡቡንቱ 22.04 ነው የጫንኩት።

ቀን ላይ ደህና ነው። ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ፓኬት መጣል ይጀምራል። ግራፉ ላይ ግን ትራፊኩ 4 ጊጋ አካባቢ ነው። የ10 ጊጋ ካርድ በ4 ጊጋ ለምን ይታነቃል? ቶፕ ስከፍት ኬሶፍትአይአርኪውዲ (ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የገባውን ፓኬት የሚያስተናግድበት ሥራ) አንድ ኮር ላይ 100 ፐርሰንት ይዟል። ሌሎቹ 19 ኮሮች ሻይ እየጠጡ ነው።

አለቃዬ "ዕቃው አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ" ይላል። አዲስ ማለት ዶላር፣ ዶላር ማለት ደግሞ ወረፋ። አንድ ጓደኛዬ "ከርነሉ ነው ቀርፋፋው፣ ዲፒዲኬ ጫኚበት" አለኝ። ዲፒዲኬ ፕሮግራም ከርነሉን ዘሎ ካርዱን በቀጥታ እንዲይዝ የሚያደርግ የሶፍትዌር ስብስብ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰነዱን ሳነብ ዋልኩ። ኸጅፔጅ፣ ቪኤፍአይኦ፣ ፖል ሞድ ድራይቨር... ራሴን አዞረኝ። ልግባበት?

ፈጣን_ጣት | ሰኞ ማታ 5:52

ይሄ ምን ጥያቄ አለው ወንድሜ? ዲፒዲኬ ጫን። ከርነሉን እለፈው፣ ካርዱን በቀጥታ ያዘው፣ ተገላገልክ። ሱሪካታም ከ7.0 ጀምሮ ይደግፈዋል። እኛ ጋ በአንድ ኮር ብቻ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ፓኬት እያሳለፍን ነው። ከርነል ለላፕቶፕ ነው።

ሰማያዊ_ገመድ | ሰኞ ማታ 5:58

እህት ነኝ :)

10 ሚሊዮኑን የምታሳልፈው ፕሮግራም ፓኬቱን ምን ያደርገዋል? ከፍቶ ያነበዋል ወይስ ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ይገፋዋል?

ፈጣን_ጣት | ሰኞ ሌሊት 6:01

ይቅርታ እህቴ። ይገፋዋል፣ ሃሃ።

የድሮ_ሞደም | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ቡና ሳልጠጣ መጻፍ ልማዴ አልነበረም። "ከርነል ለላፕቶፕ ነው" የሚለው ነገር ነው ያስነሳኝ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም 64 ባይት ነው። ሽቦው ላይ ሲወጣ ከፊቱ 8 ባይት መንደርደሪያ፣ ከኋላው የ12 ባይት ባዶ ክፍተት ይጨመርበታል። ድምሩ 84 ባይት፣ ማለትም 672 ቢት። 10 ቢሊዮንን ለ672 አካፍሉ። በሴኮንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ይመጣል። ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው ጊዜ 67.2 ናኖሴኮንድ ነው። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ኮር በዚያች ጊዜ 200 ሳይክል ያህል ነው ያለው። ካሽ ውስጥ የሌለ ነገር ከሜሞሪ ለማምጣት አንዱ ጉዞ ብቻ ወደ 100 ናኖሴኮንድ ሊጠጋ ይችላል። አንዴ ሜሞሪ ደርሳችሁ ስትመለሱ ቀጣዩ ፓኬት በር ላይ ቆሟል።

አሁን ደግሞ ትልቁን ፍሬም ውሰዱ፣ 1518 ባይት። በ10 ጊጋ ሽቦ ላይ በሴኮንድ 812 ሺህ ገደማ ብቻ ነው የሚያልፈው። ለአንዱ 1230 ናኖሴኮንድ አለው። ያው 10 ጊጋ ነው፣ ሥራው ግን 18 እጥፍ ይቀላል። ስለዚህ ልጄ፣ "4 ጊጋ" ስትዪኝ ምንም አልነገርሽኝም። በሴኮንድ ስንት ፓኬት? እሱን አምጪ።

ከርነሉ ሰነፍ አይደለም፣ ሥራው በዝቶበት ነው። ለያንዳንዱ ፓኬት ኤስኬቢ የሚባል ፋይል ይከፍታል። የቀበሌ ፋይል በሉት። ከየት መጣ፣ በየትኛው በር ገባ፣ ፋየርዎሉ ምን አለ፣ ማን ይረከበው። ጉዳዩ አንድ መስመር ማመልከቻ ቢሆንም ፋይሉ ሙሉ ፋይል ነው። ዲፒዲኬ የሚያደርገው ቀበሌውን ዘሎ ባለጉዳዩን በቀጥታ ማግኘት ነው። የካርዱን ሬጅስተር ወደ ተራው ፕሮግራም ሜሞሪ ያመጣዋል፣ ኢንተራፕቱን (ካርዱ ፓኬት መጣ ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚቀሰቅስበትን ጥሪ) ይዘጋል፣ ፓኬት ይኑር አይኑር ሳይል ካርዱን ሲጠይቅ ውሎ ያድራል።

ችግሩ ያለው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ላይ አለመሆኑን ከፒሳ ዩኒቨርሲቲው ሉዊጂ ሪዞ የተሻለ ያሳየ የለም። በ2012 ኔትማፕ የተባለውን ፈጣን የፓኬት ማስተላለፊያ ሲያቀርብ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንድ ኮር 14.88 ሚሊዮኑን ፓኬት ሲያወጣ አሳየ። 900 ሜጋኸርዝ! ፋይል መክፈቱን ስለተወ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

አሁን ሦስት ነገር አምጪልኝ። የፓኬቱን ቁጥር በሴኮንድ። የካርዱን ቆጣሪዎች የሚያሳየውን ኢዝቱልን በትልቁ ኤስ አስኪጂና ፓኬቱ በየኪው (በካርዱ የፓኬት ሰልፎች) እንዴት እንደተከፋፈለ። ሦስተኛ፣ ካርዱ በየትኛው ሶኬት በኩል እንደተሰካ፣ የኑማ ቁጥሩን።

ሌሊት_ፈረቃ | ማክሰኞ ጠዋት 3:05

ጋሼ እንዳሉት ይሁን። ግን እህቴ፣ ዲፒዲኬ ልትነኪ ከሆነ የኔን ጉድ ስሚ።

ቀድሞ የምሠራበት ቦታ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኤስኤስኤች ከርቀት ሰርቨሩ ውስጥ ገብቻለሁ። ሁለት ካርድ አለ፣ አንዱን ለዲፒዲኬ ልሰጠው። ዴቭባይንድ የምትባለዋን ስክሪፕት አስነሳሁ። "ይሄ ኢንተርፌስ ሥራ ላይ ነው፣ አልነካውም" አለችኝ። እኔ ግን የበለጥኩ መሰለኝ። ፎርስ የሚለውን ጨመርኩና ኢንተር መታሁ።

ጠቋሚዋ ቆመች። በቃ። የገባሁበትን በር ራሴ ከላዬ ላይ ነቀልኩት። ካርዱ ለዲፒዲኬ ሲሰጥ ከሊኑክስ ዝርዝር ይጠፋል፣ አይፒ አድራሻ የለ፣ ኤስኤስኤች የለ። ማኔጅመንት ወደቡንም "ነገ እናገናኘዋለን" ስንል ስድስት ወር ሆኖታል።

ራይድ ጠርቼ ሄድኩ። ዘበኛው "በዚህ ሰዓት ያለ ደብዳቤ አላስገባም" አለ። ልክ ነው ሰውየው። አለቃዬን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ፣ ስልኩን በላውድስፒከር ለዘበኛው አሰማሁ። ገባሁ። ሞኒተር አለ፣ የቪጂኤ ገመድ የለም። ገመዱን ከእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ነቀልኩ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰ።

ሌላም አለ። ዲፒዲኬ የያዘው ኮር ትራፊክ ባይኖርም 100 ፐርሰንት ነው የሚያሳየው፣ ሁልጊዜ ይጠይቃላ። ኢንተራፕት ሞድ ምናምን አለው፣ ግን ብዙ ሰው አይነካውም። ሞኒተሪንጉ ሌሊቱን ሙሉ ቴክስት ሲልክ አደረ። ፓኬት መመልከቻው ቲሲፒደምፕም ምንም አያይም፣ ፓኬቱ በከርነሉ በኩል አያልፍማ። የለመድሽው መሣሪያ ሁሉ ይታወራል። ይሄን ሰነዱ ላይ በደንብ ጽፈውታል፣ ችግሩ ሰነዱን ከአደጋው በኋላ ማንበቤ ነው።

ከሀይፋ_ማዶ | ማክሰኞ ጠዋት 4:30

ሌሊት_ፈረቃ፣ ሳቄን አፍኜ ነው ያነበብኩት፣ ሥራ ቦታ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጣጣ የሁሉም ካርድ አይደለም። የሜላኖክስ ካርድ ላይ ድራይቨሩ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ዲፒዲኬ ሲሠራበት ካርዱ ከሊኑክስ እጅ አይወጣም፣ አይፒውም ይቀራል፣ የፈለግሽውን ትራፊክ ብቻ መርጠሽ ለዲፒዲኬ መስጠት ይቻላል። ሜላኖክስ በ1999 እዚህ እስራኤል፣ ዮቅንዓም የተመሠረተ ነው፣ በ2020 ኤንቪዲያ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ጠቀለለው። እዚህ ሰፈር ካርዱን የማያውቅ የለም። ኤክስ520 ግን እንደዚያ አይደለም፣ ወይ የከርነሉ ነው ወይ የዲፒዲኬ።

ታሪኩንም ለማያውቅ፦ ዲፒዲኬ በ2010 አካባቢ ከኢንቴል ቤት ነው የወጣው። በ2013 ሲክስዊንድ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ክፍት ድረገጹን ሲከፍት ነው ሌሎች ካርድ ሠሪዎች መግባት የጀመሩት። በ2017 ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ገባ። ላይሰንሱ ቢኤስዲ ነው፣ ስለዚህ ለአለቃሽ "ዶላር የለበትም" ማለት ትችያለሽ። ፒኤፍ_ሪንግ በሚባለው ሌላ የፓኬት መቅጃ ላይ ግን ተጠንቀቂ። መሠረቱ ክፍት ነው፣ ፈጣኑ ዚሲ የሚባለው ክፍል ግን በካርድ ላይሰንስ ይጠየቅበታል። ብዙ ሰው ነጻ ነው ብሎ ገብቶ መሀል መንገድ ላይ ነው የሚያውቀው።

ሰማያዊ_ገመድ | ማክሰኞ ከሰዓት 9:10

ጋሼ አመሰግናለሁ። የትናንት ማታውን መዝገብ አየሁት፣ ሌላውን ዛሬ ለካሁ።

ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው በሴኮንድ 610 ሺህ ፓኬት አካባቢ። ያን ያህልም አይደል ለካ። ኑማ ቁጥሩ 1 ነው። ሱሪካታን ያሰርኩት ግን ሶኬት 0 ኮሮች ላይ ነበር፣ ቁጥር አንድን ማን ያያል ብዬ።

ኪዎቹ ግን ግራ አጋቡኝ። ካርዱ 20 ኪው ከፍቷል። ኪው 0 በቢሊዮን የሚቆጠር ፓኬት አለው። ከኪው 1 እስከ 19 ያሉት ሁሉ ተደምረው ጥቂት ሺህ። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?

ሁለት_ሽፍት | ማክሰኞ ከሰዓት 9:35

ቆጣሪው ደህና ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ደንበኞቻችሁ በፒፒፒኦኢ፣ በስምና በይለፍ ቃል፣ ነው እንዴ የሚገቡት?

ሰማያዊ_ገመድ | ማክሰኞ ከሰዓት 9:37

አዎ!!! በምን አወቅህ?

ሁለት_ሽፍት | ማክሰኞ ከሰዓት 10:20

ሃሃ፣ ጠንቋይ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ነው፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ተቃጥዬበት አውቃለሁ።

ካርዱ ፓኬቱን ለኪዎች የሚያከፋፍለው አርኤስኤስ በሚባል ዘዴ ነው። የአይፒ አድራሻውንና የወደብ ቁጥሩን አይቶ ሃሽ ያወጣል፣ በሃሹ ኪው ይመርጣል። አንድ ንግግር ሁልጊዜ አንድ ኪው ላይ ይወድቃል፣ የተለያዩ ንግግሮች ይበተናሉ። ፒፒፒኦኢ ግን በኢተርኔቱና በአይፒው መካከል 8 ባይት ይሸጉጣል። 6ቱ የራሱ፣ 2ቱ የፒፒፒ። ካርዱ ኢተርታይፑን ሲያይ 8864 ይላል። አይፒ አይደለም። "ይሄን አላውቀውም" ይልና ኪው 0 ላይ ይጥለዋል። ሁሉንም። የናንተ ትራፊክ በሙሉ ፒፒፒኦኢ ስለሆነ 20 በር ያለው አዳራሽ በአንድ በር እየገባ ነው።

አሁን የጓደኛሽን ምክር እንየው። ዲፒዲኬ ብትጭኚ ያው ካርድ ነው፣ ያው ሃሽ ነው። ፓኬቱ ሶፍትዌር ሳይነካው በፊት ኪው 0 ላይ ወድቋል። ሁለት ሳምንት ለፍተሽ በዲፒዲኬ የተቃጠለ አንድ ኮር ይኖርሽ ነበር።

ፈጣን_ጣት | ማክሰኞ ከሰዓት 10:31

እሺ ይሄን ተቀብያለሁ። ግን ልከላከል፦ በዲፒዲኬ አንዱ ኮር ተቀብሎ ፒፒፒኦኢውን ገልጦ፣ የውስጡን አይፒ ሃሽ አድርጎ ለሌሎቹ በሪንግ ማከፋፈል ይችላል። 610 ሺህ ፓኬት ለአንድ የዲፒዲኬ ኮር ቁርስ ነው።

ሁለት_ሽፍት | ማክሰኞ ከሰዓት 10:40

ትክክል። ሐሳቡ ልክ ነው። እኔ የምለው ያንኑ ከካርዱ ሳትላቀቅ ማድረግ ትችላለች ነው። ኤክስዲፒ።

የድሮ_ሞደም | ማክሰኞ ማታ 12:15

ጎበዝ ሁለት_ሽፍት፣ እኔ ኑማውን ነበር የጠረጠርኩት። እሱም ይስተካከል፣ ፓኬቱ በሶኬት 1 ገብቶ ሶኬት 0 ድረስ መሻገሩ በከንቱ ነው። ሱሪካታን ወደ ሶኬት 1 ኮሮች አዛውሪው። የትኞቹ ቁጥሮች እንደሆኑ ግን በግምት አትሂጂ፣ ኤልኤስሲፒዩ ይነግርሻል። አንዳንዱ ሰርቨር ላይ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር እየተፈራረቀ ነው የሚቆጠረው።

ኤክስዲፒው እስኪደርስ ለዛሬ ማታ ማስታገሻ ልስጥሽ። አርፒኤስ የሚባል ከ2010 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ካርዱ ያቃተውን ማከፋፈል ከርነሉ በሶፍትዌር ይሠራዋል፣ ደግሞም ፒፒፒኦኢን ገልጦ ማየት ያውቃል። ሥራው አንድ መስመር ነው፣ የኪው 0 አርፒኤስ ፋይል ውስጥ የኮሮቹን ማስክ መጻፍ። ጉድለቱ ፋይል መክፈቱ፣ ያ ኤስኬቢ ያልኩት፣ አሁንም በዚያው ኮር ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ይከፋፈላል።

ሰማያዊ_ገመድ | ማክሰኞ ማታ 4:50

ጋሼ፣ እጅዎን ይስሙልኝ! አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ግራፉ ወዲያው ተኛ። ከ100 ፓኬት 12 ይወድቅ የነበረው አሁን አንድም አይሞላም። ያ ኮር ግን አሁንም 85 ላይ ነው። ሊጉ ያለ ዕለት ሳይፈርስ አይቀርም።

ኤክስዲፒን አስረዱኝ። ስሙን ብቻ ነው የማውቀው።

ሁለት_ሽፍት | ረቡዕ ሌሊት 7:30

እዚህ ገና አመሻሹ ነው፣ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ኤክስዲፒ ማለት ድራይቨሩ ውስጥ፣ ኤስኬቢ ከመከፈቱ በፊት፣ ያንቺን ትንሽ ፕሮግራም ማስኬድ ነው። ፕሮግራሙን በሲ ትጽፊዋለሽ፣ በክላንግ ወደ ኢቢፒኤፍ (ከርነሉ ውስጥ የሚሮጥ ኮድ) ይቀየራል፣ ከርነሉ መርምሮ ይቀበለዋል። ለያንዳንዱ ፓኬት ፍርድ ትሰጫለሽ። ጣለው፣ አሳልፈው፣ በመጣበት መልሰው፣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው። በ2016 ከከርነል 4.8 ጋር ነው የገባው። በ2018 በወጣው ጽሑፋቸው ላይ በአንድ ኮር በሴኮንድ እስከ 24 ሚሊዮን ፓኬት ሲጥል አሳይተዋል። ዲፒዲኬ በዚያው ጽሑፍ ላይ ከዚህም ይፈጥናል፣ እሱን አልደበቁም። ነገር ግን አይፒው፣ ኤስኤስኤቹ፣ ቲሲፒደምፑ ሁሉ ባለበት ይቀጥላል። ክላውድፍሌር የጎርፍ ጥቃት የሚጥለው በዚህ ነው፣ ፌስቡክም ካትራን የተባለውን ሎድ ባላንሰሩን በዚህ ሠርቶ በ2018 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል።

ላንቺ የሚጠቅምሽ "አዛውረው" የሚለው ነው። ሲፒዩማፕ የሚባል አለ፣ ከ4.15 ጀምሮ። ኪው 0 ላይ ያለው ኮር ፓኬቱን በጥሬው ያያል፣ ሃሽ ያወጣል፣ ለሌላ ኮር ያቀብላል። ኤስኬቢው የሚከፈተው ተቀባዩ ኮር ላይ ነው። ከአርፒኤስ የሚለየው እዚች ላይ ነው። የበር ዘበኛው ፋይል መክፈቱን ትቶ "ሂድ መስኮት 7" ብቻ ይላል።

ሱሪካታ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ኮድ ይዞ ነው የሚመጣው። የፒፒፒኦኢውን ክፍል ራስሽ ጨምሪበት። የሚያስቸግሩሽ ቦታዎች ይታወቁኛል። ኤልአርኦን (ትንንሽ ፓኬቶችን ወደ አንድ ትልቅ የሚያጣብቀውን) አጥፊ፣ ካልጠፋ የኢንቴሉ ድራይቨር ኤክስዲፒን አይቀበልም። ሃሹ ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ይውጣ፣ ለምሳሌ የላኪና የተቀባይን አይፒ ደምሪያቸው። አለበለዚያ ጥያቄው አንድ ኮር፣ መልሱ ሌላ ኮር ላይ ይወድቅና ሱሪካታ ግማሽ ንግግር ነው የሚሰማው። የሱሪካታን የክላስተር ዓይነትም (ፓኬቱን የሚያከፋፍልበትን መንገድ) ወደ ክላስተር_ሲፒዩ ቀይሪ። በመጨረሻ፣ ከተጫነ በኋላ በየትኛው ሞድ እንደተጫነ ሳታዪ አትተኚ። ድራይቨሩ ኤክስዲፒን ካልደገፈ ወይም ጄኔሪክ የሚለውን ከመረጥሽ ከኤስኬቢው በኋላ ነው የሚሠራው። ይሠራል፣ ስህተት አያሳይም፣ ምንም አይጠቅምም።

ተማሪ_ነኝ | ረቡዕ ጠዋት 2:40

ይቅርታ፣ ክሩን ሳላበላሽ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቪፒፒ የሚባለውስ? ለመመረቂያ ፕሮጀክት ዲፒዲኬ ወይስ ቪፒፒ ይሻለኛል?

ሁለት_ሽፍት | ረቡዕ ጠዋት 3:15

አታበላሽም። ዲፒዲኬ ዱቄትና ውሃ ነው፣ ቪፒፒ የተጋገረ ነው። ቪፒፒ ሙሉ ራውተር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዲፒዲኬ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። ሲስኮ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 በኤፍዲ ዶት አይኦ ሥር ክፍት ሆነ።

ብልሃቱ ደስ ይላል። ተራው መንገድ አንዱን ፓኬት ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀጣዩን። እናትህ እንጀራ ስትጋግር አንድ ጋግራ ምጣዱን አጥፍታ፣ ለሁለተኛው እንደገና ብታግል እንደማለት ነው። ቪፒፒ እስከ 256 ፓኬት አንድ ላይ ይይዝና ሁሉንም በአንዱ እርምጃ ያሳልፋል፣ ከዚያ ሁሉንም በቀጣዩ። የመጀመሪያው ፓኬት የፕሮሰሰሩን ኢንስትራክሽን ካሽ ያግለዋል፣ የተቀሩት በጋለ ምጣድ ይጋገራሉ።

ለመመረቂያ? ኔትማፕን አንብብ፣ ኮዱ አጭር ነው፣ ይገባሃል። ከዚያ ኤኤፍ_ኤክስዲፒ። እሱ በ2018 ከ4.18 ጋር የመጣ ነው፣ ፓኬቱን ከድራይቨሩ ወደ ራስህ ፕሮግራም ያመጣል፣ ካርዱም የከርነሉ እንደሆነ ይቀራል። ላፕቶፕህ ላይ በቨርቹዋል ኢንተርፌስ መሞከር ትችላለህ፣ ካርድ መግዛት የለብህም።

ሌሊት_ፈረቃ | ረቡዕ ጠዋት 3:50

ሰማያዊ_ገመድ፣ ፕሮዳክሽን ላይ እንዳትሞክሪው! ካርድሽ ሁለት ወደብ የለው? ሁለተኛውን ከሌላ ማሽን ጋር አገናኚና ትራፊክ ላኪበት። ቲሬክስ አለ፣ ከሲስኮ የወጣ ክፍት ጄኔሬተር፣ ዲፒዲኬ እውነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከበደሽ ከሚረሩ ትንሽ ቅጂና በቲሲፒሪፕሌይ መልሰሽ አጫውቺው። ስትቀጂ ራስጌውን ብቻ፣ 96 ባይት ይበቃል። የሰው ትራፊክ ነው፣ ሆዱን አትክፈቺ። አጭር መሆኑም ይጠቅምሻል፣ ኮሩን የሚያቃጥለው የፓኬቱ ብዛት እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ሰማያዊ_ገመድ | ሐሙስ ሌሊት 8:10

ቬሪፋየር የሚባል ፍጡር አለ፣ ከርነሉ ኮዱን ከመቀበሉ በፊት የሚመረምረው። ማን ነው የሠራው? ልረግመው ነበር።

ኮዴ ትክክል ነው። ኢተርኔቱን 14 ባይት ዘለልኩ፣ ቪላኑን (የኔትወርክ መለያ ምልክቱን) 4፣ ፒፒፒኦኢውን 8፣ አይፒው ላይ ደረስኩ። "ከፓኬቱ ውጭ ልታነቢ ነው" ብሎ ይመልሰኛል። አሥራ አንድ ጊዜ። ፓኬቱ ረጅም እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያምንም!

የድሮ_ሞደም | ሐሙስ ጠዋት 1:05

ባያምንሽ ነው የሚሻለው። ኮድሽ የሚገባው ከርነሉ ውስጥ ነው፣ ከተሳሳትሽ ማሽኑ ነው የሚወድቀው። በእያንዳንዱ ዝላይ፣ ከማንበብሽ በፊት፣ ጠቋሚሽ ከፓኬቱ መጨረሻ እንዳላለፈ አወዳድሪ። አንዴ መጀመሪያ ላይ ማድረግሽ አይበቃም፣ ቪላኑ ኖረም አልኖረ ቦታው ይለዋወጣላ። ከአይፒው ዝላይ በኋላ ያለውን እይው፣ እዚያ ነው የጎደለሽ መሰለኝ።

ሰማያዊ_ገመድ | ሐሙስ ጠዋት 4:30

እዚያው ነበር። አንድ ኢፍ።

ሰማያዊ_ገመድ | ቅዳሜ ማታ 4:20

ሪፖርት።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በቲሲፒሪፕሌይ ደበደብኩት። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልነበረም። ሁለት_ሽፍት ያለው ትዝ አለኝና ሞዱን አየሁ፣ ጄኔሪክ! ከኢንተርኔት ላይ የገለበጥኩት ትዕዛዝ ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። ኔቲቭ ሳደርገው ደግሞ እምቢ አለ። ኤልአርኦ። አጠፋሁት፣ ገባ።

ትናንት ማታ ወደ እውነተኛው አስገባሁት። ዛሬ ኳስ ነበር፣ በሴኮንድ 740 ሺህ ፓኬት ደረሰ። የኪው 0 ኮር 38 ፐርሰንት። ሱሪካታ ዘጠኝ ኮሮች ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሁሉም ሶኬት 1 ላይ። የወደቀ ፓኬት ዜሮ ነው፣ ሦስቴ ነው ያየሁት።

አለቃዬ ግራፉን አየና "አዲሱ ዕቃ መጣ እንዴ?" አለኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። አንደኛው ኮር ሁልጊዜ ከሌሎቹ 20 ፐርሰንት ከፍ ይላል። ሃሹ ነው?

ፈጣን_ጣት | ቅዳሜ ማታ 4:26

እሰይ! ኮዱን ጊትሀብ ላይ ጣይልን። ስለ ዲፒዲኬ ያልኩትን ግን አልሰረዝኩም፣ 100 ጊጋ ስትገቡ ትፈልጉኛላችሁ።

ከሀይፋ_ማዶ | ቅዳሜ ማታ 4:41

100 ጊጋ ላይ ለአንድ ትንሽ ፓኬት 6.7 ናኖሴኮንድ ነው። ያኔ እውነቱን ነው።

ሁለት_ሽፍት | ቅዳሜ ማታ 5:03

ሃሹ ላይሆን ይችላል። አይፒ ያልሆነውን ሁሉ፣ የፒፒፒ ቁጥሩ 0021 ያልሆነውን፣ ወዴት ነው የምትልኪው? አይፒቪ6 0057 ነው። እሱን ካልያዝሽው ሁሉም "ሌላ" ተብሎ አንድ ኮር ላይ እየሄደ ነው።

ሰማያዊ_ገመድ | ቅዳሜ ማታ 5:09

...አይፒቪ6ን ረስቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት አስተካክለዋለሁ፣ አሁን ልተኛ። ኮዱን አለቃዬን አስፈቅጄ እለጥፋለሁ።